መድረክ ሲዘጋ የመንግሥት ገንዘብ ለማን፣ በምን ማስረጃ፣ በምን ፍጥነት ይሰጥ?

ጥያቄ፦ «በአንድ የጥበብ ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ እሠራለሁ። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣና መድረኮች ቢዘጉ ለመንግሥት የምናቀርበው የድጋፍ ፈንድ ረቂቅ እንድናዘጋጅ ተጠይቀናል። አንዳንዶቻችን ገንዘቡ ለአባላት እኩል ይከፋፈል እንላለን። ሌሎች ለቴአትር ቤቶችና ለአዳራሾች ይሰጥና እነሱ ለባለሙያው ያድርሱት ይላሉ። ነፃ ገንዘብ ስንፍና ያመጣል፣ አዲስ ሥራ ይዞ ለሚወዳደር ብቻ ይሰጥ የሚሉም አሉ። እኔን ከሁሉም በላይ የቸገረኝ ማን አርቲስት እንደሆነ በምን እናረጋግጣለን የሚለው ነው። የትኛው መንገድ ይሻላል?»

መልስ፦ ሦስቱም ወገኖች ገንዘቡን አንድ ቋት አድርገው አይተውታል፤ ስሕተቱ ከዚያ ይጀምራል። መድረክ ሲዘጋ የሚደርሰው ጉዳት ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የሰው ጉዳት ነው፤ የሙዚቀኛው፣ የተዋናዩ፣ የመብራት ባለሙያው ገቢ በዚያው ሳምንት ይቆማል፣ የቤት ኪራዩ ግን አይቆምም። ሁለተኛው የተቋም ጉዳት ነው፤ ቴአትር ቤቱ፣ ሲኒማው፣ የሥዕል ማሳያው ትኬት ባይሸጥም ኪራይ፣ ጥበቃና ቋሚ ደመወዝ ይከፍላል። ሦስተኛው ዘግይቶ ይመጣል፤ በሮች በከፊል ሲከፈቱ አዳራሹ ስለማይሞላ እያንዳንዱ ትርዒት በኪሳራ ይታያል። ለሦስቱ ጉዳቶች አንድ መስፈርትና አንድ ኮሚቴ ካቆማችሁላቸው አንዱንም በወጉ አትሸፍኑም። ስለዚህ ረቂቃችሁ ሦስት ቋቶች ይኑሩት፤ የሰዎቹ ገንዘብ ቀድሞና ያለ ውድድር ይከፈል፣ የተቋማቱ በቅድመ ሁኔታ ይሰጥ፣ የአዲስ ሥራ ውድድር መድረክ እስኪከፈት ይቆይ።

«አዲስ ሥራ ላመጣ ይሰጥ» የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ቀን መቁጠሪያ ላይ ሲቀመጥ ነው የሚፈርሰው። ለጥሪው 4 ሳምንት፣ ለዳኞች ንባብ 6 ሳምንት፣ ለውል 3 ሳምንት፣ ለክፍያ 2 ሳምንት ቁጠሩ። ያለ እንከን ቢሄድ እንኳ 15 ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ አመልካቹ ሦስት ጊዜ ኪራይ መክፈል ነበረበት፤ ምናልባትም የሙዚቃ መሣሪያውን ሸጦ ይሆናል። ያሸነፈውም ሰው ገንዘቡን ለስቱዲዮ፣ ለካሜራና ለተባባሪዎች ያወጣዋል፤ ለራሱ ደመወዝ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ውድድር የሚመርጠው ፕሮፖዛል መጻፍ የለመደውን ነው። የድምፅ ቴክኒሺያኑ፣ የአልባሳት ሠራተኛዋ፣ ትኬት ቆራጩ ምን አዲስ ሥራ ይዘው ሊቀርቡ ነው?

ስንፍናን በተመለከተ፣ ሰውየው ሥራ ያቆመው መንግሥት ለሕዝብ ጤና ሲል የሥራ ቦታውን ስለዘጋበት ነው፤ ክፍያው የዚያ እገዳ ማካካሻ ነው። ሰውን ከሥራ የሚያርቅ አንቀጽ ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ ታገኙታላችሁ፦ «ማንኛውንም ገቢ ያገኘ ድጋፉ ይቋረጣል» የሚለው ላይ። እንዲህ ከተጻፈ ለአንድ ቀን ቀረጻ የተጠራ ሰው የሦስት ወር ክፍያ ላለማጣት አልመጣም ይላል። በምትኩ የድጋፉን ግማሽ የሚያህል ገቢ ቢያገኝ ክፍያው እንደማይነካ ጻፉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ብቻ ይቀነስ።

በተቋማት በኩል ይድረስ የሚለው ሐሳብ ሰፊ ማስረጃ አለው፤ በኮቪድ ጊዜ ብዙ መንግሥታት ሞክረውታል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብሪታንያ በጁላይ 2020 ያወጀችው የባህል ማገገሚያ ፈንድ 1.57 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር። ቴአትር ቤቶችን፣ ሙዚየሞችንና የሙዚቃ አዳራሾችን ከመዘጋት አትርፏል፤ በዚህ አላማውም አይታማም። ነገር ግን በዋናነት የተሰጠው ለድርጅቶች ነው፣ ከፊሉም ብድር ነበር። በኪሳራ ላይ ያለ ቴአትር ቤት ገንዘብ ሲገባለት መጀመሪያ የሚከፍለው ኪራይን፣ ዕዳንና ቋሚ ሠራተኛን ነው። በየትርዒቱ ውል የሚጠራው ተዋናይ ትርዒት ከሌለ በደመወዝ መዝገቡ ላይ ስሙ የለም። የቴአትር ቤቱ ኃላፊ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ እንዲያ ያስገድደዋል።

አሜሪካ በማርች 2020 ለፌዴራሉ የጥበባት ድጋፍ ተቋም 75 ሚሊዮን ዶላር መደበች። 40 በመቶው ለክፍለ ግዛቶችና ክፍለ ግዛቶችን ለሚያስተባብሩ የቀጣና ተቋማት ሄደ፤ ከቀረው ላይ ደግሞ ባለፉት አራት ዓመታት ድጋፍ ያገኙ ድርጅቶች ብቻ ተጋብዘው ለእያንዳንዳቸው 50,000 ዶላር ተሰጠ። ማስረጃቸው አስቀድሞ በእጅ ስላለ አሠራሩ ፈጣን ነበር። የፍጥነቱን ዋጋ የከፈሉት ከዚያ በፊት ድጋፍ አግኝተው የማያውቁ ትናንሽ ቡድኖች ናቸው። ይህን መንገድ ከመረጣችሁ ከገንዘቡ ሩብ ያህሉን ለአዲስ አመልካቾች ለይታችሁ አስቀምጡ።

ስለዚህ ለተቋም ስጡ፣ ነገር ግን ሁለት ነገር አስሩበት። አንደኛ፣ ከመዘጋቱ በፊት የተፈረሙ ውሎች ትርዒቱ ቢሰረዝም ቢያንስ ግማሽ ክፍያቸው ይፈጸም። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በሁለት ዙር ይለቀቅ፤ 60 በመቶው ወዲያው፣ 40 በመቶው ደግሞ ተቋሙ ቋሚ ላልሆኑ ባለሙያዎች የከፈለበትን የስም ዝርዝር ከነባንክ ማስረጃው ሲያቀርብ። «ለባለሙያው እንደሚደርስ ይጠበቃል» የሚል ሐረግ ምንም አያስገድድም። የተቋሙን ድርሻ ለማስላት ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ዓመት ገቢ የተወሰነ መቶኛ መውሰድ በቂ ነው። የአሜሪካው የተዘጉ አዳራሾች ድጎማ ይህን አድርጓል፤ የ2019 የትኬትና የሽያጭ ገቢ 45 በመቶ፣ ጣሪያው 10 ሚሊዮን ዶላር። ቀመሩ ቀላል ስለነበር የትኛውም ሒሳብ ሠራተኛ ሊሠራው ይችላል። ስለ ማመልከቻ ሲስተሙ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ እሱ ሌላ ጉድ ነው።

«ለአባላት እኩል ይከፋፈል» የሚለው ግማሹ ትክክል ነው። እኩል የሚለው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይሠራል፤ ለአባላት የሚለው ግን አይሆንም። የሕዝብ ገንዘብ በማኅበር መታወቂያ ከታደለ በመጀመሪያው የኦዲት ጥያቄ ይወድቃል፤ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ አባል ያልነበረ ሁሉ አባል ለመሆን ይሰለፋል፣ ማኅበሩም መታወቂያ ሻጭ ተብሎ ይከሰሳል። አባልነት አንድ ማስረጃ ይሁን፣ ብቸኛው በር አይሁን።

ለምን እኩል? ሌላው አማራጭ ከጠፋው ገቢ የተወሰነ መቶኛ መክፈል ነው። ብሪታንያ በግል ለሚሠሩ ሰዎች ያደረገችው ይህን ነው፤ ከአማካይ ትርፋቸው 80 በመቶ፣ ለሦስት ወር እስከ 7,500 ፓውንድ። ለብዙ ሰው ጥሩ ሠርቷል። ነገር ግን ከገቢው ቢያንስ ግማሹ በግል ሥራ የተገኘ መሆን ነበረበት፤ ቀን በደመወዝ እያስተማረ ማታ መድረክ ላይ የሚጫወት ሙዚቀኛ ብዙ ጊዜ ከመስመሩ በታች ቀረ። በግል መሥራት የጀመረው በቅርቡ የሆነ ሰው ደግሞ የግብር መግለጫው ስላልደረሰ እስከ 2021 አራተኛው ዙር ድረስ በር ላይ ቆመ። ያለፉትን ዓመታት አማካይ ሲወስዱም በወሊድ ወይም በሕመም ምክንያት አንድ ዓመት ያልሠራ ሰው አማካዩ ይወርድበታል። በመቶኛ መክፈል የተጣራ የገቢ መዝገብ ይፈልጋል። መዝገቡ በሌለበት ደግሞ ደረሰኝ የሌለውን ባለሙያ ይጥላል፤ በጥበቡ ዓለም ደረሰኝ የሌለው ብዙ ነው።

ብራዚል በጁን 29 ቀን 2020 ባወጣችው ሕግ 14017 ሌላ መንገድ ሄደች። 3 ቢሊዮን ሪያል ለክፍለ ግዛቶችና ለማዘጋጃ ቤቶች ተሰጠ፤ ለባህል ሠራተኛው በወር 600 ሪያል ለሦስት ወር፣ ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት እጥፍ፣ ለባህል ሥፍራዎች ደግሞ በወር ከ3,000 እስከ 10,000 ሪያል። ባለፉት 24 ወራት በዘርፉ መሥራቱን በሰነድ ወይም በራሱ የማረጋገጫ ቃል ማቅረብ በቂ ነበር። 600 ሪያል ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ደረሰኝ የሌለውን ሰው ማግኘት ችሏል። የእኔ ምርጫ የዚህ ቅርጽ ነው፤ የመጀመሪያው ሦስት ወር ለሁሉም እኩል፣ ከዚያ ወረርሽኙ ከቀጠለ ገቢውን ማስረዳት ለሚችል በመቶኛ የሚሰላ ጭማሪ፣ ከነጣሪያው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ፣ ማን አርቲስት ነው ወደሚለው። ይህን በችሎታ ወይም በዝና ለመመለስ አይሞክሩ። ኮሚቴ ተቀምጦ «ይሄ ሠዓሊ ነው፣ ያኛው አይደለም» ሲል የሚፈጠረው ጠብ ከወረርሽኙ በላይ ዕድሜ አለው። ጥያቄው «ከመዘጋቱ በፊት በነበሩት 24 ወራት ከዚህ ሥራ ገቢ ያገኝ ነበር ወይ?» ይሁን። ለምን 24? የጥበብ ሥራ ወቅት አለው፤ ደራሲ በዓመት አንድ ክፍያ፣ የፊልም ባለሙያ በሁለት ዓመት ሁለት ፊልም ሊሠራ ይችላል። 12 ወር ብቻ ካያችሁ በሁለት ሥራዎች መካከል የነበረውን ሰው ሥራ አጥ ታደርጉታላችሁ። ፈረንሳይ የመድረክና የፊልም ሠራተኞቿን የምታስተናግድበት የሥራ አጥነት መድን በ12 ወር ውስጥ 507 የሥራ ሰዓት ይጠይቃል፤ ሁሉም ነገር ሲዘጋ ያን ሰዓት መሙላት የማይቻል ስለሆነ መንግሥት ሰዓት የማይቆጠርበት ጊዜ አውጆ መብታቸውን በመጀመሪያ እስከ ኦገስት 2021፣ ኋላም እስከዚያው ዓመት ፍጻሜ አራዘመላቸው። የእናንተም ረቂቅ ከመዘጋቱ ቀን ወደ ኋላ ይቁጠር እንጂ ከማመልከቻው ቀን አይቁጠር፤ አለዚያ የተዘጋበት ጊዜ ራሱ ሰውን ያስወጣል።

ማስረጃውን በነጥብ አድርጉት። የተፈረመ ውል፣ የግብር መግለጫ ወይም ከአዘጋጅ ወደ ባንክ ሒሳብ የገባ ክፍያ እያንዳንዳቸው 2 ነጥብ ይያዙ። ስም ያለበት ፖስተር፣ የትርዒት ፕሮግራም፣ የፊልም ስም ዝርዝር፣ የማኅበር አባልነት፣ ከቀጣሪ የተጻፈ ደብዳቤ እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ። 4 ነጥብ የሞላ ይለፍ። ከወረቀት ላይ ሁለት ብቻ ያገኘ ሰው ለቀሪው ሁለት ነጥብ በዘርፉ ያሉ ሁለት ሰዎች ፈርመው ይመስክሩለት፤ አንድ ምስክር ግን ከአምስት ሰው በላይ መመስከር አይችልም ብላችሁ ገድቡ፣ አለዚያ የምስክርነት ገበያ ይከፈታል። ትምህርቱን የጨረሰው ገና በቅርቡ የሆነ ወጣት 4 ነጥብ አይሞላም፤ ለእሱ የመመረቂያ ወረቀትና አንድ ማስረጃ ይብቃ።

ወረቀቱ ላይ የማይታዩ ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የስም ጉዳይ ነው። የፖስተሩ ስም የመድረክ ስም ነው፣ የባንኩ ስም ሌላ። ቅጹ ላይ «በሥራ የሚታወቁበት ስም» የሚል የራሱ ሳጥን ከሌለ ብዙ ማመልከቻ «ስሙ አይመሳሰልም» ተብሎ ይመለሳል። ሁለተኛው የባንድና የቡድን ክፍያ ነው። አዘጋጁ ለመሪው ይከፍላል፣ መሪው በጥሬ ገንዘብ ያከፋፍላል፤ ባንኩ ላይ የሚታየው መሪው ብቻ ነው። ስለዚህ መሪው የአባላቱን ዝርዝርና ድርሻ ፈርሞ የሚያያይዝበት አንድ ገጽ ያስፈልጋል፤ ይህ ዝርዝር ከመሪው ገቢ ላይ የአባላቱን ድርሻ ለመቀነስም ይጠቅማል። ሦስተኛው የቅይጥ ገቢ ነው። በአሜሪካ በ2020 በግል ለሚሠሩ ሰዎች የተከፈተው የሥራ አጥነት ድጋፍ ትንሽም ቢሆን የደመወዝ ገቢ ያለውን ሰው ወደ መደበኛው የተቀጣሪዎች መስመር ስለሚመራው፣ አብዛኛውን ኑሮውን በግል ሥራ የሚገፋ ሙዚቀኛ በጥቂቱ የደመወዝ ገቢው ብቻ ተሰልቶ አነስተኛ ክፍያ ይደርሰው ነበር። ማስተካከያው በዓመቱ መጨረሻ መጣ፤ ያውም በሳምንት 100 ዶላር ጭማሪ ብቻ። ረቂቃችሁ ቅይጥ ገቢ ያለውን ሰው ሙሉውን ድምር አይቶ ይወስን።

«የባህል ሠራተኛ» የሚለው ቃል ደግሞ በሕጉ ትርጓሜ ክፍል ውስጥ ይዘርዘር። ተዋናይ፣ ሙዚቀኛ፣ ተወዛዋዥ፣ ደራሲ፣ ሠዓሊ ብቻ ብላችሁ ካቆማችሁ የመብራት፣ የድምፅ፣ የአልባሳት፣ የሜካፕ፣ የመድረክ ግንባታ ሠራተኛው፣ ትኬት ቆራጩና በር ላይ የሚቆመው አስተናጋጅ ይወድቃሉ። ፈጻሚው ባለሥልጣን ያልተጻፈን ሙያ በቸርነት አይጨምርም።

ማን ይክፈል? የባህል ሚኒስቴር ብዙውን ጊዜ ለሺዎች በወር የሚከፍል ሲስተም የለውም፤ ልምዱ ጥቂት ፕሮጀክቶችን መዳኘት ነው። የግብር ወይም የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ግን ሲስተሙ አለው። ስለዚህ የባህሉ ወገን ብቁ የሆኑትን ይለይ፣ ክፍያውን ሌላው ይፈጽም። እዚህ ላይ የጀርመን ልምድ ማስጠንቀቂያ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በማርች 2020 ብቻቸውን ለሚሠሩ ሰዎች የከፈተው አስቸኳይ እርዳታ የንግድ ሥራ ማስኬጃ ወጪን ብቻ የሚሸፍን ነበር፤ የቢሮ ኪራይ፣ የመሣሪያ ኪራይ። ዘፋኝ ቢሮ የለውም፤ ወጪው የራሱ ኑሮ ነው። የራሱ ኑሮ ደግሞ አልተካተተም። ብዙዎች ገንዘቡን ወስደው ለምግብና ለቤት ኪራይ አዋሉት፤ በኋላ መልሱ የሚል ደብዳቤ መጣባቸው። በኖርድራይን ቬስትፋለን ክፍለ ግዛት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ የክልሉ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በማርች 2023 የመመለሻ ውሳኔዎቹን ሕገ ወጥ ብሏቸዋል። በጃንዋሪ 2021 የታወጀው ሌላው ድጋፍ ቀድሞ ከነበረው ገቢ ግማሹን፣ እስከ 7,500 ዩሮ፣ ወጪ ሳይቆጥር በአንድ ጊዜ ሲሰጥ ነው ችግሩ በከፊል የተቃለለው። ከዚህ የሚወሰደው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ክፍያው ለግል መተዳደሪያ ሊውል ይችላል» የሚል። እሱ በረቂቁ ውስጥ ካልተጻፈ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ከጎኑም ድጋፉ ሌላ ማኅበራዊ እርዳታ የሚያስቀንስ ገቢ ተደርጎ እንደማይቆጠርና ግብር ይኑርበት አይኑርበት በግልጽ ይጻፍ።

የገንዘቡን መጠን ስትጠይቁ ከጣሪያ ወደ ታች አትውረዱ፤ ከሰው ቁጥር ጀምሩ። ለስሌት ያህል የአንድ ወር ክፍያን 1 አሃድ እንበለው። በመዝገብ 8,000 ሰው ቢኖራችሁ፣ መዝገብ ውስጥ ያልገባው የዚህን 30 በመቶ ያህላል ብላችሁ ብትገምቱ በድምሩ 10,400 ነው። በ3 ወር 31,200 አሃድ። ለቅሬታ መጠባበቂያ 10 በመቶ 3,120፣ ለአስተዳደር 5 በመቶ 1,560 ሲጨመር 35,880 ይሆናል። መንግሥት 20,000 ብቻ ቢሰጥስ? መጠባበቂያውና አስተዳደሩ 3,000 ወስደው 17,000 ይቀራል። ለሁሉም የአንድ ወር 10,400 ክፈሉ፤ የቀረው 6,600 ምንም ሌላ ገቢ ለሌላቸው 3,300 ሰዎች የሁለት ተጨማሪ ወር ይሆናል። ከ3,300 የበለጠ ሰው እኩል የሚገባው ሆኖ ከተገኘ ዕጣ አውጡ። ዕጣ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ አየርላንድ በ2022 ለጥበብ ሰዎች መሠረታዊ ገቢ ስትሞክር ከ9,000 በላይ ሰው አመልክቶ 2,000ው በሳምንት 325 ዩሮ እንዲያገኙ የተመረጡት በዕጣ ነው።

ፈጽሞ የማይደረገው ውል ከፈረሙ በኋላ መቀነስ ነው። የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የጥበባት ምክር ቤት ከፕሬዚዳንቱ የሥራ ማነቃቂያ ፕሮግራም የተመደበለትን 300 ሚሊዮን ራንድ ሲያከፋፍል ካለው ገንዘብ በላይ ቃል ገባ፤ በ2021 መጀመሪያ የተፈረሙ ውሎችን መቀነስ ሲጀምር ባለሙያዎች ጆሃንስበርግ ያለውን ቢሮውን ይዘው ለሳምንታት ተቀመጡ። መከላከያው የሒሳብ ሥርዓት ነው፤ የጸደቀው ድምር በየቀኑ ይደመር፣ ከገንዘቡ 85 በመቶ ሲደርስ አዲስ ማጽደቅ ይቁም፣ የቀረው ለቅሬታና ለአስተዳደር ይጠበቅ።

ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያገኛል የሚለውን አሠራርም አትቀበሉ። ፈጣን ኢንተርኔት ያለው፣ ጸሐፊ ያለው ይቀድማል፤ ሲስተሙም በአንድ ሰዓት ውስጥ በሁሉም ሰው ይጨናነቃል። የአሜሪካው የአዳራሾች ድጎማ ሕግ በዲሴምበር 2020 መጨረሻ ተፈርሞ ማመልከቻው የተከፈተው በኤፕሪል 8 ቀን 2021 ነው፤ ሲስተሙ በዚያው ቀን ተበላሽቶ ተዘጋ፣ እንደገና የተከፈተው በወሩ መጨረሻ ገደማ ነበር። ለ21 ቀን ክፍት የሆነ ማመልከቻ፣ በስልክ የሚሞላ፣ ከ20 ደቂቃ የማይበልጥ፣ ኢንተርኔት ለሌለው በወረቀት የሚቀበል ቢሮ ያለው ይሁን። የመጀመሪያ ቀን ያመለከተና የመጨረሻ ቀን ያመለከተ እኩል ይታዩ። ክፍያው ማመልከቻው በተዘጋ በ10 የሥራ ቀን ይግባ። ማጣራቱ በሁለት ደረጃ ይከፈል፤ ከክፍያ በፊት መታወቂያና የባንክ ሒሳብ ድግግሞሽ ብቻ ይታይ፣ ከክፍያ በኋላ ከመቶው አሥሩ በዕጣ ተመርጠው ሙሉ ማስረጃቸው ይመርመር። የሐሰት ቃል የሰጠ ይመልስ፤ ቅጹን በስሕተት የሞላ ግን እንደ አጭበርባሪ አይታይ፣ ያስተካክል ይባል። ውድቅ የተደረገ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ቅሬታ ያቅርብ፤ የሚያየውም መጀመሪያ የወሰነው ሰው አይሁን።

የመክፈቻው ቋት አጭር ነው፣ ግን ይረሳል። 500 ወንበር ያለው አዳራሽ ወጪውን የሚሸፍነው 325 ትኬት ሲሸጥ ነው እንበል። የጤና ደንቡ አንድ ሦስተኛ ብቻ ይግባ ካለ 166 ሰው ይገባል፤ እያንዳንዱ ምሽት በ159 ትኬት ኪሳራ ይታያል፣ ስለዚህ ቤቱ ቢዘጋ ይሻለዋል። ጀርመን በ2021 አጋማሽ ለዝግጅቶች እስከ 2.5 ቢሊዮን ዩሮ የመደበችው ለዚህ ነው፤ በትናንሽ ዝግጅቶች የትኬት ገቢውን መንግሥት በተመጣጣኝ መጠን ያሟላለት ነበር፣ ትላልቆቹ ቢሰረዙ ደግሞ ወጪያቸውን በከፊል ይሸፍናል። የብሪታንያ የዝግጅት ዋስትና በአንጻሩ የሚከፍለው መንግሥት ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ብቻ ነበር፤ ርቀት በመጠበቅ የመጣውን ኪሳራ ስለማይነካ ብዙ አዘጋጅ አልገዛውም። አዲስ ሥራ የሚወዳደርበትም ጊዜ ይሄ ነው፤ የሚታይበት መድረክ አለና። በውድድሩ ውል ውስጥ ግን የሥራው የባለቤትነት መብት ለፈንዱ ይተላለፋል የሚል አንቀጽ አትፍቀዱ። የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ የሠዓሊን ሥዕል ወይም የሙዚቀኛን ቅጂ ለዘለዓለም መግዣ መሆን የለበትም።

ይህ ሁሉ ቢሳካ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይገዛላችኋል፣ ከዚያ አይበልጥም። የጡረታ፣ የሕክምናና የሥራ አጥነት መድን የሌለው ባለሙያ ወረርሽኙ ሲያልፍም መድን የለውም፤ ለዚያ ጀርመን ከ1983 ጀምሮ እንዳላት ዓይነት የአርቲስቶች ማኅበራዊ መድን የተለየ ሕግ ይፈልጋል፣ በአስቸኳይ ፈንድ ረቂቅ ውስጥ አጭቃችሁ አታበላሹት።

ከወረርሽኝ በፊት ብቻ የሚሠራው ሥራ መዝገቡ ነው። ከአሁኑ ጀምሩት፤ ሙሉ ስም፣ የሥራ ስም፣ ሙያ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ ያለፉት 24 ወራት ሁለት ማስረጃዎች። አባል ላልሆነም ክፍት ይሁን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ይታደስ፤ መረጃው ለክፍያ ብቻ ከከፋዩ መሥሪያ ቤት ጋር የሚጋራበትን ስምምነትም አሁን ፈርሙ፣ አገር ከተዘጋ በኋላ ፈራሚ አይገኝም። ከዚህ ጋር የግማሽ ገጽ የሥራ ውል አዘጋጅታችሁ ለባንድ መሪዎችና ለአዘጋጆች በትኑ፤ የሥራው ዓይነት፣ ቀን፣ የክፍያ መጠን፣ ዝግጅቱ ቢሰረዝ የሚከፈለው፣ ሁለት ፊርማ። በሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ በባለሙያው እጅ ይቅር።